እናቴን በደረቅ ዓይን ቀበርኩ

ሕመሜ ሲጀምረኝ ሕመም አልመሰለኝም፤ ሙያ ነው የመሰለኝ።

ቡሬ ከተማ ውስጥ በርበሬ እነግዳለሁ። ከኅዳር ጀምሮ ገበሬው ዛላውን አድርቆ ሲያመጣ፣ ከሰባት ስምንት ሴቶች ጋር መጋዘን ውስጥ ተቀምጠን የሻገተውን ከደህናው እንለያለን፣ ጭራውን እንቀነጥሳለን። ያን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ በር ቢከፈት፣ አፍንጫ በሻሽ ቢታሰር ለውጥ የለውም። ሴቶቹ በየመሐሉ እየወጡ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ እንባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ አንድ ዓመት ልብ ስል ለካ መውጣት ትቻለሁ። ያስነጥሰኛል፣ ጉሮሮዬን ይልጠኛል፣ እንባ ግን የለም። «ኧረ አንቺ ትሁን፣ ይኼን ዓይን ከየት አስመጣሽው?» ይሉኝ ነበር። «ሃያ ዓመት በርበሬ ታጠኑ፣ እናንተም ትለምዱታላችሁ» እላቸው ነበር። ጉራዬን እዩልኝ! ዓይን በርበሬን እንደማይለምድ፣ እንባ ካቆመ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም የምሰማ አይመስለኝም።

ቀጥሎ አፌ ደረቀ። ቆሎ አፌ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል እንጂ አይልምም። ዳቦ ያለ ውኃ አይወርድም። ከገዢ ጋር ስከራከር ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተለጥፎ ቃሉን ያስቀርብኛል፤ ስለዚህ የውኃ ፕላስቲክ ከእጄ አይጠፋም ነበር። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልጠጣ መዋል ሲያቅተኝ ተደብቄ እጎነጭ ነበር፤ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም፤ አፈርኩ። ከዚያ ጥርሴ ከሥሩ እየተቦረቦረ ይሰበር ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጥርስ ሄደ። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ ከብሌኑ ጋር ተጣብቆ፣ ስገልጠው አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይቧጭረኛል።

አንድ ክረምት ከሁለቱም ጆሮዎቼ ሥር አበጠ። ጎረቤቴ አየችና «ጆሮ ደግፍ ነው፣ የልጅ በሽታ በስተርጅና ያዘሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ሳምንት ቆይቶ ሟሸሸ። ከወራት በኋላ ተመለሰ። ጆሮ ደግፍ ተመላላሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሥራ ነበረብኝ። አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ በርበሬ እንደምነግድ ስናገር የአለርጂ ኪኒን ተሰጠኝ፣ ለወራት ዋጥኩት። ያ ኪኒን ራሱ እንባና ምራቅ የሚያደርቅ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። በማንም አልፈርድም፤ እኔም ስለ በርበሬው እንጂ ስለ አፌ፣ ስለ ጥርሴ፣ ስለ እብጠቱ አልነገርኳቸውም። ሁሉም ለየብቻው የመጣ በሽታ ነበር የሚመስለኝ።

እናቴ ከቡሬ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ፣ ገጠር፣ ከታላቅ እህቴ ከማንጠግቦሽ ጋር ትኖር ነበር። ማንጠግቦሽ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት።

እናቴ ጥር ውስጥ ሞተች።

ጠዋት ተደወለልኝ። ሄድኩ። እታለም ወለሉ ላይ ወድቃለች። ሰው ይዟታል። ፊቷ በእንባና በአፈር ለቁጧል። አጠገቧ ተንበረከክሁ። እንባዬን ጠበቅሁት። አልመጣም። ጮህኩ። ድምፄ ወጣ። ደረቴን መታሁ። ፊቴ ደረቅ ነው።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚታይ ነገር ነው። ማን እንዴት እንዳለቀሰ አይቶ ነው ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። አልቃሿ እየዞረች ስታስለቅስ እኔ ዘንድ ደረሰች። ፊቴን አየች። ከዚያ ስለ ነጠፈ ምንጭ ገጠመች። ማንን እንደሆነ ለማወቅ ሁሉም ዞረ።

የከፋው እሱ አልነበረም። የከፋው ውስጤም ዝም ማለቱ ነው። እናቴን እወዳት ነበር። ያን ቀን ግን የማላውቃት ሴት ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበርኩ። የድንኳኑን ገመዶች ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኳቸው። ልቤም አብሮ ደርቋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሐሳቡም አላስደነገጠኝም።

በሠልስቱ እታለም ለብቻዬ ጠራችኝ።

«ምን በድላሽ ነው?» አለች።

«ማን?»

«እናቴ። አንዲት ዘለላ እንባ የነፈግሻት ምን አድርጋሽ ነው?»

«እናታችን» አላለችም። «አልመጣልኝም እታለም» አልኩ። «አልመጣልኝም» ስል ለራሴም የሚያስጠላ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ነው የሞተው፤ ሌላ ወንድም እህት የለንም። እሷ ከተቆረጠችብኝ ከዚያ ቤት የሚቀረኝ ሰው አልነበረም።

የአርባው ተዝካር ሲደርስ በርበሬ ነጋዴ ብቻ የምትሠራውን ስሕተት ሠራሁ።

ከቤት ስወጣ የላመ በርበሬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ። አስቤበት ነው። እታለም ፊት አንድ ጊዜ ማልቀስ ነበረብኝ። ፍትሐቱ ተፈጽሞ ሴቶቹ ዋይ ሲሉ ተከናንቤ ቋጠሮውን ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ አሸሁ።

እንባ አልመጣም። እሳት መጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንባው ጠርጎ ያወጣለት ነበር። የእኔ ዓይን የሚያጥበው የለውም። በርበሬው የገባበት ቀረ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «አሁን ገና ወጣላት፣ ተዋት ታልቅስ» ሲሉ እሰማለሁ። እታለም ሮጣ መጣች። ደግፋ አስቀመጠችኝ። ውኃ አስመጣች። ፊቴን ልትጠርግ የነጠላዬን ጫፍ ስታነሳ ቋጠሮው እጇ ገባ። ላያት አልቻልኩም፤ የምታደርገውን ግን ሰማሁ። ፈታችው። አሸተተችው።

«ለእናቴ በበርበሬ?» አለች።

ውኃውን አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች።

ባለቤቴ በባጃጅ ቡሬ አደረሰኝ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል። ዓይኔን በብዙ ውኃ አጠቡልኝ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ብርቱካናማ ቀለም ጠብ አድርጋበት በሰማያዊ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ምን ገባበት?»

«በርበሬ።»

«እንዴት ገባ?»

ባለቤቴ «ሥራዋ ነው» አለላት።

ሐኪሟ መልሳ አየች። «ይኼ ሁሉ የዛሬ ጉዳት አይደለም» አለች። «የዓይንዎ መስታወት የቆየ ጭረት አለበት። እንባ ካቆመዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። አፌ ተከፈተ። መጋዘኑን፣ ቆሎውን፣ ጥርሴን፣ ጆሮ ደግፉን፣ አቀበት ስወጣ ሌላው ላቡን ሲጠርግ እኔ ፊቴ እየጋለ ላብ እንደማይወጣኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። በርበሬው እንዴት እንደገባም ነገርኳት። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እሷ ጻፈች እንጂ አልገረማትም። ከዚያ ቀጭን ወረቀት አውጥታ ጫፉን አጥፋ በሁለቱም ዓይኖቼ የታችኛው ቆብ ውስጥ ሰካች። ሺርመር ቴስት ይባላል። አምስት ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ስታወጣው ጫፉ ብቻ ወዝቷል። ጤነኛ ሰው ላይ ወረቀቱ እስከ ግማሹ ገደማ እንደሚርስ ነገረችኝ።

ቁስሉ እየጠገገ ሲሄድ ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። ደም ሰጠሁ። ከታችኛው ከንፈሬ በውስጥ በኩል የስንዴ ፍሬ የምታህል ሥጋ ለባዮፕሲ ምርመራ ተቆረጠች፤ እዚያ ትንንሽ የምራቅ ዕጢዎች አሉ አሉኝ። ውጤቱ ሲደርስ ይዤው ወደ ፍኖተ ሰላሟ ሐኪም ተመለስኩ። ስሙ ሾግረን ሲንድረም ነው አለች። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፤ የእናንተም ሐኪም ጊዜ ካጠረው ከእኔ ስሙት። ሰውነታችን ውስጥ ሁለት ወገን ዕጢዎች አሉ። አንደኛው ወገን የሚሠራውን በቀጥታ ደም ውስጥ ይጨምራል፤ አንገት ላይ ያለውና ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ቱቦ አለው። የሚያመነጨውን በቱቦው አድርጎ ወደ ቆዳ ላይ፣ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍ፣ ወደ አንጀት ያፈስሰዋል። ኤክሶክራይን ይሉታል። የእንባ ዕጢ፣ ከጆሮ ሥር ያለው ፓሮቲድ የሚባለውና ሌሎቹ የምራቅ ዕጢዎች፣ የላብ ዕጢ፣ ቆዳን የሚያወዛው፣ የእናት ጡት፣ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚልከው ቆሽት፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው።

«የማሽላ ራስ ያስቡ» አለችኝ። «ፍሬዎቹ ፈሳሹን የሚሠሩት ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬ የተያያዘበት ቀጭን ጭራ አለ፣ ጭራዎቹ ይገናኙና አገዳው ላይ ይደርሳሉ። ጭራውም አገዳውም ቱቦ ነው። በእርስዎ ላይ የሆነው፣ ሰውነትን የሚጠብቁት የደም ሴሎች ፍሬዎቹን እንደ ጠላት ቆጥረው መውረር ጀመሩ። ዘበኛ የቤቱን ሰው ሌባ ነው ብሎ እንደመምታት ነው። ሲበዙ ዕጢው ያብጣል፤ ጆሮ ደግፍ የመሰለዎት እሱ ነው። በርበሬው አላመጣብዎትም። እርስዎም አላመጡትም።»

«ለቅሶ ላይስ?» አልኳት።

«ሐዘን ሲመጣ አእምሮ ለእንባ ዕጢ ትእዛዝ ይልካል። ያንን ቀን ትእዛዙ ተልኳል፣ ደርሷልም። የሚሠራው ዕጢ ነው የታመመው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወረቀቶቼን አጣጥፌ አመሰገንኳትና ወጣሁ። ባለቤቴ በሳምንቱ ገጠር ወርዶ ለእታለም የተባለውን ሁሉ ነገራት። «በሽታው ቀን መርጦ ነው የእናቴ ለቅሶ ላይ የመጣው?» ብላ መለሰችው። እሱ እንዳይከፋኝ ሊደብቀኝ ሞክሮ ነበር፤ ጠይቄ አወጣሁት። መልሷም አላናደደኝም። በልቼ ተኛሁ።

ሕክምናው ዝም ብሎ መደጋገም ነው። መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ አርቲፊሻል እንባ ጠብ አደርግ ነበር፤ ልተኛ ስል ወፈር ያለውን ቅባት እቀባለሁ፣ ውኃውን በአንዴ ከመጋት በጥቂት በጥቂቱ አፌን እያረጠብኩ እጠጣለሁ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝካለሁ፣ የቀሩትን ጥርሶቼን ከምግብ በኋላ ሁሉ እቦርሻለሁ። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሚባል፣ በድሮ ጊዜ ለወባ ይሰጥ ከነበረው ጋር የሚዛመድ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ እሱን የሚወስድ ሰው ዓይኑን በየጊዜው መታየት አለበት። የአለርጂውን ኪኒን አቆምኩ። መጋዘን ውስጥ መቀንጠሱን ለሴቶቹ ትቼ እኔ መነጽር አድርጌ ውጭ ሚዛኑ ዘንድ ተቀመጥኩ። ለነፍስ አባቴም ተናዘዝኩ፤ «ታዲያ እስካሁን ምን አስደበቀሽ?» አሉኝ፤ በጾም ውኃ እንድጎነጭ ፈቀዱልኝ። በሦስተኛው ወር ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አሸዋው ቀለል እንዳለ አየሁ፣ ቀኝ ዓይኔ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል፣ እስከ ዛሬ ትንሽ ይጋርደኛል። የልቤ ድንዛዜ ግን እንዳለ ነበር፤ ለእሱ የሚሆን ጠብታ አልታዘዘም።

አንድ ቀን ከጥርስ ሐኪም ስመለስ፣ ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ። ለማን እንደምደውል እንኳ አላሰብኩም፤ እጄ የለመደውን ቁጥር ነው የነካው። ከሐኪም ስመለስ ሁልጊዜ የምደውለው ለእናቴ ነበር። ስልኩ ጠራ። ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን ነው?» አለች እታለም። የእናታችን ስልክ እሷ ዘንድ ነው የቀረው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እማዬን ብዬ ነው…» እንቀጠቀጥ ጀመር። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ከሆዴ ድምፅ ይወጣል፤ መናኸሪያ የነበረው ሰው ቆሞ አየኝ። እናቴ ከሞተች ስድስተኛ ወሯ ነበር። ፊቴ ያን ጊዜም ደረቅ ነበር። ስልኩን አልዘጋሁትም፣ እሷም አልዘጋችውም። በመጨረሻ «ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አለችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት ሚኒባሱ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። «ባለቤትሽ ሥራውን ይሥራ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች፤ ፊቴን አላየችኝም። እስከ ፍኖተ ሰላም በመስኮት ስታይ ሄደች። ሐኪሟ ወረቀቶቹን ዓይኔ ውስጥ ስትሰካ ከወንበሯ ተነሥታ ቀረብ ብላ አየች። ደቂቃው ሲሞላ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ለእኔም ይክተቱልኝ እስቲ» አለች።

«እርስዎንም ያምዎታል እንዴ?»

«አያመኝም። ይክተቱልኝ።»

ሐኪሟ ሳቀች፣ ግን ከተተችላት። እታለም የሚቆረቁራትን እየቻለች ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቷ እስከ ጫፉ ርሶ እንባዋ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱን ወረቀቶች መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው።

«በሁለቱም ዓይኗ እንዲህ ነው?»

«በሁለቱም።»

«እናታችን ስትሞትም እንዲህ ነበር?»

«ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ» አለች ሐኪሟ።

ይቅርታ አልጠየቀችኝም። በእኛ ቤት እንደዚያ አይባልም። ስንወጣ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ፣ አልበላሁም አልኳት፣ እጄን ይዛ ምግብ ቤት አስገባችኝ። መረቅ ያለውን አዘዘችልኝ፤ እንጀራውን እያራሰች፣ ልጅ ሳለሁ እንዳደረገችው ታጎርሰኝ ጀመር። ሰው ያየናል ብል አልሰማችኝም።

ይህን የጻፍኩት ዓይናቸው፣ አፋቸው ለደረቀ ሰዎች ነው። ምልክቶቹን ለየብቻ አትንገሩ፤ ዓይኑንም፣ ጥርሱንም፣ እብጠቱንም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለም እሱንም፣ በአንድ ቀን ለአንድ ሐኪም ንገሩ። ማንኛውንም ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት ያደርቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሎሚም ሽንኩርትም በርበሬም ዓይናችሁ ውስጥ አትጨምሩ፤ የሚያጥበው የለም። በሽታው አይነቀልም፣ ግን ይያዛል፤ እኔ ይኸው እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ መጽሐፍም አነባለሁ። እንባ ካቆመዎት ስንት ጊዜ ሆነ ብላ የጠየቀችኝን ሐኪም፣ ያን ሁሉ መንገድ አብሮኝ የተመላለሰውን ባለቤቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግሞ ለዘመዶቻችሁ በጊዜ ንገሩ። ሰው ከመሞቱ በፊት ንገሩ። ሲሞት የነገራችሁት ማመካኛ ይመስላል።

እታለም ይህን ምክር ከእኔ ቀድማ ነው የሠራችበት። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የእድሩን ሴቶች ሰብስባ አገኘኋት። «የእህቴ የእንባ ዕጢ ታሟል» ትላቸዋለች። «ስሞት ደርቃ ብታዩዋት እንዳታሟት። ከአሁኑ ነግሬያችኋለሁ።» ሴቶቹ «ኧረ ምነው፣ ምን ሞት አነሳሽ!» ይሏታል። ጎትቼ አወጣኋት፣ ተናድጃለሁም አፍሬያለሁም።

«እኔ ብቀድምሽስ?» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። «አንቺ ከቀደምሽማ» አለች፣ «የሁለታችንንም ለቅሶ እኔ አለቅሰዋለሁ።»